ድንኳን ያለ ለቅሶ

የልጆች ካምፕ ማለት ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆናቸው ሃያ ያህል ልጆች፣ አራት አዋቂዎች፣ ስድስት ድንኳንና ከሚበላው በሦስት እጥፍ የሚበልጥ ብስኩት ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶብስ ላይ ተጭነው ጫካ የሚገቡበት፣ እሑድ ማታ ደግሞ ከብስኩቱ በስተቀር ሁሉም የሚመለሱበት የሁለት ሌሊት ጉዞ ነው። ዓላማው የከተማ ልጅ እሳት ማያያዝን፣ ገመድ መቋጠርን፣ ዱካ መለየትን፣ አቅጣጫ ማወቅንና መሬት ላይ መተኛትን እንዲለምድ ነው። አያቱ ይህን ሁሉ የተማረው በነጻ ነበር፤ እንዲያውም ከብቱ ሰው ማሳ ከገባ ትምህርቱ በልምጭ ይታገዝ ነበር። የልጅ ልጁ ግን ተከፍሎለት ይማራል፤ ደረሰኝም ይቆረጥለታል።

ነገሩ በዚህ መልኩ የተጀመረው እንግሊዝ አገር ነው። በ1907 እ.ኤ.አ. ሮበርት ቤደን ፓወል የተባሉ ጄኔራል ሃያ ያህል ወንዶች ልጆች ይዘው ብራውንሲ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ተሻገሩ፤ አንድ ሳምንት ያህል በድንኳን አሳደሯቸው፤ በዓመቱም ስለዚሁ ሙያ መጽሐፍ አሳተሙ። የቦይ ስካውት እንቅስቃሴ ከዚያ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በኢትዮጵያም አንገታቸው ላይ ሻርፕ ያሰሩ ስካውቶች ይታዩ ነበር። ጄኔራሉ ያኔ ወደ ጎጃም ብቅ ብለው ቢሆን ኖሮ ደሴት መፈለግ ባላስፈለጋቸውም። በዐሥር በዐሥራ ሁለት ዓመቱ ከቤቱ ጠፍቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ የራሱን ጎጆ ቀልሶ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመነና ከውሻ ጋር እየተፋለመ ዓመታት የሚከርመው የቆሎ ተማሪ በስካውት ሚዛን ከፍተኛውን ማዕረግ ባገኘ ነበር። ለእርሱ ግን ካምፑ እሑድ ማታ አያልቅም።

ለአዲስ አበባ ልጆች ቅርቡና ጥሩው ቦታ የመናገሻ ሱባ ደን ነው። ከከተማው በስተምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በወጨጫ ተራራ ጎን ላይ ተንሰራፍቷል፤ የተራራው አናት 3,385 ሜትር ይደርሳል። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ ደን አስመጥተው አስተከሉበት ይባላል። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው ዛሬም አለ፤ ጉሬዛውና የምኒልክ ድኩላውም እንዲሁ። ጥብቅ ደን ስለሆነ ዛፍ መቁረጥ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ማገዶው ከከተማ ተገዝቶ ይሄዳል። ከእንጦጦ ወደ ከተማ ሲወርድ የኖረ እንጨት አሁን ከከተማ ወደ ጫካ ሲጫን ማየት ሾፌሩን ሁልጊዜ ያስቀዋል፤ ሒሳቡን ሲጠይቅ ግን አይስቅም።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ድንኳን መትከል ውሃ ውስጥ መተኛት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ደመና የሌለው ሌሊት ግን ሙቀቱን ሁሉ ወደ ሰማይ ስለሚለቀው ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ሊገኝ ይችላል። ከፍታ 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል፤ ቦሌ በአንድ ሹራብ ያመሸ ልጅ ወጨጫ ጎን ላይ ሁለት ያስፈልገዋል።

ለእያንዳንዱ ልጅ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ የሚሞቅ መኝታ፣ ሹራብ፣ የዝናብ ልብስ፣ ትርፍ ካልሲ፣ የውሃ ኮዳ፣ ባትሪና ሳህን። ወደ አውቶብሱ የሚመጣው ሻንጣ ግን ወደ ዱባይ የሚሄድ ይመስላል። እናቶች ለምች ዳማከሴ፣ ለሆድ ቁርጠት ፌጦ፣ ለማንኛውም ነገር ነጭ ሽንኩርት ይጨምራሉ። አንዳንዷም ልጇ «ብርድ እንዳይመታው» በማለት ፍራሽ ታስጭናለች። በመኝታ ረገድ ጋቢ የሚናቅ አይደለም፤ አራት ድርብ ስለሆነ በድርቡ መካከል አየር ይይዛል፤ የሚያሞቀውም ይኸው አየር ነው። ችግሩ ጥጥ መሆኑ ነው፤ ጥጥ ውሃ ከጠጣ ያቀዘቅዛል እንጂ አያሞቅም። የመንዝ ባና በዚህ ይበልጠዋል፤ የበግ ጠጉር ረጥቦም ቢሆን ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም። ባናው እንደሚኮሰኩስ መካድ አይቻልም፤ ነገር ግን የሚኮሰኩሰው ልጅ ቢያንስ እንዳልቀዘቀዘ ያውቃል።

ከጉዞው በፊት ድንኳኑን በግቢ ውስጥ ተክሎ መሞከር ያስፈልጋል፤ ካስማ የጎደለው ወይም ዚፑ የተበላሸ ድንኳን መታወቅ ያለበት ጫካ ውስጥ በባትሪ ብርሃን አይደለም። እዚህ ላይ አንድ የታወቀ እክል አለ። በከተማው ልማድ ድንኳን የሚተከለው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው። ጎረቤት ሠርግ እንደሌለ ያውቃል፤ ጥሪ አልደረሰውማ። ስለዚህ ገና ሁለተኛው ካስማ ሳይመታ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሁለት ሴቶች በር ላይ ይቆማሉ። ቀጥሎ የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ሳይነገረው በመቅረቱ ተቀይሞ ይመጣል። ድንኳኑ ብርቱካናማ መሆኑና ከአራት ሰው በላይ አለመያዙ ትንሽ ያደናግራቸዋል፤ ዘመኑ ነው ብለው ግን ያልፉታል። ልጁ ከውስጡ በአራት እግሩ እየዳኸ ብቅ ሲል ሁሉም ተመስገን ይላል፤ ቡና ይፈላል፤ ድንኳኑ በዚያ ቀን ተተክሎ አያልቅም።

ጫካው ውስጥ ድንኳን የሚተከለው ደልዳላና ከዙሪያው ጥቂት ከፍ ባለ ቦታ ላይ ነው። ጎድጓዳ ቦታ ነፋስ አይገባውም ተብሎ ይመረጥ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ አየር ግን እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ እዚያው ይተኛል። ደረቅ ቅርንጫፍ ካንጠለጠለ ዛፍ ሥር መራቅ፣ በሩን ከነፋስ ማዞር፣ ካስማውንም አናቱ ከድንኳኑ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርጎ አጋድሞ መምታት ተገቢ ነው። ቀጥ ብሎ የተመታ ካስማ ገመዱ ሲስበው ይነቀላል። ከሁሉም በላይ ግን መሬቱን ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። የጉንዳን መንገድ ላይ የተተከለ ድንኳን እስከ እኩለ ሌሊት ሰላም ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉንዳኑ ሰልፉን አያጥፍምና ማጠፍ የሚኖርበት ድንኳኑ ነው።

ሰውን ሌሊት የሚያበርደው ከላይ ያለው አየር ብቻ አይደለም፤ ከሥር ያለው መሬት የሰውነትን ሙቀት በቀጥታ ይወስዳል። ስለዚህ ከጀርባ በታች የሚነጠፍ ነገር ከላይ ከሚደረበው ብርድ ልብስ አያንስም። ጉዝጓዝ ይሁን ሲባሉ ልጆቹ ወዲያው እርጥብ ሣር ነጭተው ይመጣሉ፤ ሣር ሲጎዘጎዝ ያዩት በበዓል ቀን ቡና ሥር ነዋ። ለመኝታ የሚሆነው ግን ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ነው። ቁርበት ከተገኘ የበለጠ ነው፤ ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ማለቱ ክፉ ምርጫ አልነበረም።

እሳት የካምፑ ዋና ትምህርት ነው፤ ብዙ ሰዓትና ብዙ ክብሪት የሚበላውም እርሱ ነው። እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ የሚነድ ነገር፣ ሙቀትና አየር። ልጆች የመጀመሪያውን ያበዙታል፤ ሦስተኛውን ይረሱታል። ክንድ የሚያህል ፍልጥ ከምረው ከሥሩ አንድ ክብሪት ይጭራሉ፤ ክብሪቱ ፍልጡን አይቶ ይጠፋል። ሁለተኛው እንዲሁ። ዐሥረኛው ላይ ከልጆቹ አንዱ በትሕትና «ምጣዱን የምንሰካበት ሶኬት የለም?» ብሎ ይጠይቃል። ትክክለኛው መንገድ ከትንሹ መጀመር ነው። መጀመሪያ በእጅ ተፈትጎ እንደ ጥጥ የላላ የጽድ ልጥ ወይም ደረቅ ሣር፣ በላዩ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ጭራሮ፣ ቀጥሎ ጣት የሚያህል፣ በመጨረሻ ፍልጡ። በምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ቅጠሉ ዘይት አለውና ሲደርቅ ቦግ ይላል፤ ግን እንደ ችኩል ሰው ወዲያው ያበቃል። ኩበት ተቃራኒው ነው፤ ለመያያዝ ይለግማል፣ ከተያያዘ በኋላ ግን ሌሊቱን ሙሉ ረመጥ ይይዛል። ኩበትን በእጁ ለመያዝ የሚደፍር የከተማ ልጅ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የውጭ አገር መመሪያዎች እዚህ ላይ እንጨት ከእንጨት አፋትጎ እሳት ማውጣትን ያስተምራሉ። ልጆቹ ይህን በስልክ አይተውታልና ካልሞከሩ አይሆንላቸውም። ግማሽ ሰዓት ይፋተጋል፤ ጭስ የሚመስል ነገር ይታያል፤ መዳፍ ይላጣል። በአገራችን ገጠር ግን ዋናው የእሳት ጥበብ ማውጣት ሳይሆን አለማጥፋት ነበር። ማታ ረመጡ በአመድ ይዳፈናል፤ ጠዋት አመዱ ገለጥ ተደርጎ ጭራሮ ይጨመርና እፍ ይባላል። ከጠፋም ክብሪት ሳይሆን ጎረቤት ይፈለጋል፤ በገል ላይ ፍም ተጭሮ ይመጣል። እሳት ልትጭር የመጣች ሴት ፍሙ ሳይጠፋባት መመለስ ስላለባት ቁጭ አትልም፤ ቶሎ የሚሄድ እንግዳ ዛሬም «እሳት ልትጭር ነው የመጣኸው?» የሚባለው ለዚህ ነው። የካምፑ ልጆችም ቅዳሜ ጠዋት ከደኑ ዘበኛ ጎጆ ፍም ሲለምኑ ይህንኑ ጥበብ በተግባር ይማሩታል፤ ከእርሱ በላይ የሚታመን ዘዴም የለም።

በዚህ ሰዓት ግድም በየካምፑ አንድ እረኛ መምጣቱ አይቀርም። ዕድሜው ከልጆቹ ጋር እኩያ ነው፤ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ስለሆነ ከመካከላቸው ቤቷ ኦሮምኛ የሚነገር አንዲት ልጅ አስተርጓሚ ትሆናለች፤ የማዕረጓም ነገር በዚያች ቅጽበት ከድንኳን መሪው ይበልጣል። እረኛው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ያያል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ግማሹን እንጨት ከምድጃው አውጥቶ ይጥላል፤ አንዴ እፍ ይላል፤ ይነዳል። ምስጋናውን ከተቀበለ በኋላ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ቤታችሁ ተቃጥሎ ነው?» አለመቃጠሉ፣ ገንዘብ ተከፍሎ መመጣቱም ሲነገረው ወደ ከብቶቹ ዞር ብሎ ይስቃል። በዚያን ቀን ከብቶቹን ራቅ አድርጎ አይወስድም።

ምድጃው ሦስት ጉልቻ ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው አባባል እውነት ቢሆንም ጫካ ውስጥ ግን የድንጋዩ ምርጫ ዋዛ አይደለም። ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ ውስጡ ውሃ ሊኖረው ይችላል፤ ሲግል ውሃው እንፋሎት ሆኖ ድንጋዩን ሊያፈነዳው ይችላል። ደረቅ ሜዳ ላይ የከረመ ድንጋይ ይሻላል።

የምግብ ዝርዝር በወላጆች ስብሰባ ላይ ከሁሉም የበለጠ ክርክር ያስነሣል። ዓርብ ጾም ነው፤ ቅዳሜ ሥጋ ይበላ ቢባል የክርስቲያኑና የእስላሙ ልጅ ሥጋ ለየቅል ነው፤ አንዱ እንቁላል አይስማማውም፤ ሌላው ቤቱ ከፓስታ በስተቀር አልለመደም። ክርክሩ የሚያልቀው ሁልጊዜ በሽሮ ነው። ሽሮ ሁሉንም ያስማማል፤ በአንድ ድስት ይሠራል፤ ሲገነፍል ብቻ ይጠንቀቁት። ድንችና ባቄላ ጊዜ ይፈጃሉ፤ በ2,400 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ግድም ስለሆነ መንተክተኩ ብቻ የሚያበስል እየመሰለ ያታልላል። ለዚሁ ነው ከምንጭ የተቀዳ የመጠጥ ውሃም ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቆይ የሚመከረው። ለመንገድ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቆሎ ይበቃሉ፤ ዘማች የኖረባቸው ስንቆች ናቸው፤ የብስኩት ማሸጊያም አይጥሉም።

የቅዳሜ ምሳ ግን ብርኩታ መሆን አለበት። ብርኩታ ምጣድ የሌለው መንገደኛ የሚጋግረው ዳቦ ነው። የእጅ ጭብጥ የምታህል ድቡልቡል ደረቅ ድንጋይ እሳት ውስጥ ትከተታለች። ዱቄቱ ከውሃና ከጨው ጋር ጠጠር ተደርጎ ይለወሳል። ድንጋይዋ ስትግል በሁለት እንጨት ትወጣና አመዷ ተራግፎ በሊጡ ትጠቀለላለች፤ ከዚያ ሁለመናዋ ፍሙ ዳር ይገላበጣል። ውስጡን ድንጋይዋ፣ ውጭውን ፍሙ ያበስለዋል። ልጆች ይህን ሥራ ይወዱታል፤ ሊጥ አለበት፣ እሳት አለበት፣ ድንጋይ አለበት፣ ሳህን ማጠብ የለበትም። የጋለውን ድንጋይ በሊጥ የሚሸፍነው አዋቂ ነው፤ ልጆቹ የሚያዝዙት ይበዛል። የመጀመሪያው ብርኩታ ግማሹ ከሰል ግማሹ ሊጥ ሆኖ ይወጣል፤ ቤቱ የዳቦ ጠርዝ ቆርጦ የሚያስቀምጠው ልጅ ድንጋይዋን ሳይቀር ይልሳታል። በዚሁ ሰዓት አንዲት እናት ከአዲስ አበባ «እግረ መንገዴን ነው» ብላ ሁለት ሳህን ዶሮ ወጥ ይዛ ትደርሳለች። መንገዷ 50 ኪሎ ሜትር ነው።

ቢላዋ ከምሳ በኋላ ይሰጣል፤ የጠገበ ልጅ ይረጋጋል። ደንቡ አጭር ነው፤ ተቀምጦ መቅረጽ፣ ስለቱን ከሰውነት ወደ ውጭ መንዳት፣ እጅ ተዘርግቶ በሚደርስበት ዙሪያ ሰው አለማስጠጋት፣ ሲጨርሱ ወደ ሰገባው መመለስ። የመጀመሪያው ሥራ መፋቂያ ነው፤ ከተማ ከተገዛው የወይራ ጭራሮ ይቆረጣል፣ ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ይበተናል፣ የጥርስ ብሩሹን የረሳው ልጅም ሰበብ ያጣል። ሁለተኛው ዋሽንት ነው። ሸምበቆ ላይ አራት ቀዳዳ መብሳት ቀላል ነው፤ ማታ ሃያ ዋሽንት በአንድ ጊዜ ሲነፋ መስማት ግን ለጆሮ ከባድ ነው። ገመድም በቃጫ ይሠራል። ሁለት ዘርፍ ለየብቻ ወደ አንድ ጎን ይከረራል፣ ከዚያ ሁለቱ አንድ ላይ በተቃራኒው ይገመዳል፤ ሊፈቱ ሲሞክሩ ይበልጥ ይጠብቃሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ስለ ኅብረት ይነገር እንጂ የገመድ ሥራ መመሪያም ነው። ይህ ሁሉ ለእነዚህ ልጆች አያቶች የዓመቱ ልማድ ነበር፤ ለገና ዱላ ይመረጣል፣ ለቡሄ ጅራፍ ይገመዳል፣ ማሳ ለመጠበቅ ወንጭፍ ይሠራል። ማንም ግን የምስክር ወረቀት አልሰጣቸውም።

አቅጣጫ ማወቅን በተመለከተ ከአውሮፓ የመጡ መጻሕፍት እዚህ አገር ያሳስታሉ። የሰሜን ኮከብን ተከተሉ ይላሉ። ኮከቡ ከአድማስ ከፍ የሚለው በቦታው ኬክሮስ ልክ ነው፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ዘጠኝ ዲግሪ፣ ማለትም ክንድ ተዘርግቶ የአንድ ጭብጥ ስፋት ያህል። ያንንም ተራራውና ጽዱ ይጋርዱታል። ሽበት የበቀለበት የዛፉ ጎን ሰሜን ነው ይላሉ፤ በሱባ ሽበቱ ዛፉን ዙሪያውን አልብሶታል። እኩለ ቀን ላይ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል ይላሉ፤ እዚህ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ፀሐይ በአናት በሰሜን በኩል ስለምታልፍ ጥላው ወደ ደቡብ ይወድቃል። በየትኛውም ወር የማያሳፍረው ዘዴ ዱላ ማቆም ነው። የጥላው ጫፍ በጠጠር ምልክት ይደረግበታል፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ አዲሱ ጫፍ እንዲሁ። የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው። ልጆቹ ሃያ ደቂቃ መጠበቅ ከቻሉ ማለት ነው።

ከዱላው የሚቀልም አለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸሎት የሚደረገው ፊትን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ነው። መካ ደግሞ ከአዲስ አበባ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ይበል እንጂ በሰሜን ነው፤ ስለዚህ በአካባቢው መስጊድ የሚሰግድ ሰው ወደ ሰሜን ይዞራል። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ያየ ልጅ ምሥራቅንም ሰሜንንም አወቀ ማለት ነው፤ ኮምፓስ የረሳው አስተባባሪም ከውርደት ይድናል። እረኛው በበኩሉ ይህን ሁሉ አይሻም። ሰሜን በየት ነው ሲባል አያውቅም፤ ቤትህስ በየት ነው ሲባል ጨለማም ቢሆን በእጁ ያሳያል።

ስለ ዕፅዋት ያለው ደንብ አንድ ነው፤ አዋቂ አይቶ ሳይፈቅድ አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር የለም። የበሰለ አጋምና የጫካ እንጆሪ ይበላሉ። አስተናግር ግን ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የቀመሰውን ሰው ያስለፈልፋል፣ ያስቃዣል፣ ሊገድልም ይችላል። የጉሎ ፍሬም ዶቃ እየመሰለ የሚያታልል መርዝ ነው። ሳማን ማስተማር አያስፈልግም፤ ራሱ ያስተምራል። የሳማ ቃጠሎን የአገሩ ሰው ቱልት አሽቶ ያበርደዋል። እንዶድ ከተገኘ ሳሙና የረሳው ቡድን ልብሱን ያጥብበታል፤ ነገር ግን ወንዙ ውስጥ አይደለም። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ብልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ ማጥፋት እንደሚቻል ያሳየው ምርምራቸው የተነሣው ከዚህ ነው። ቀንድ አውጣን የሚገድል ለዓሣም አይመለስም።

የሽንት ቤት ጉዳይ በስብሰባ ላይ የማይነሣ፣ በጫካ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣ ነው። ከውሃና ከድንኳን ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የጠለቀ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ከዚያ አፈር ይመለስበታል። ሌሊት ግን የትኛውም ልጅ ብቻውን 60 ሜትር አይሄድም። አንዱ ሲነሣ ድንኳኑ በሙሉ ይነሣል፤ ቀጥሎ ጎረቤት ድንኳን፤ አስተባባሪው በስምንት ሰዓት ሌሊት ሃያ ልጅ በሰልፍ ይመራል።

ምሽቱ የተረት ነው። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚሉት ግማሾቹ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ከእነርሱ ይማራሉ። እንቆቅልህ ግን ሁሉንም ይይዛል። መልሱ የጠፋበት ልጅ አገር ስጠኝ ይባላል። ጥንት የሚሰጠው ጎንደር ወይም ሐረር ነበር፤ ዛሬ ዱባይ፣ አሜሪካ ይሰጣል። አንዱማ የአባቱን መኪና ሰጥቶ ሊታረቅ ይሞክራል። ጨዋታው በደመቀበት ሰዓት ከተራራው በኩል ጅብ ይጮኻል፤ ክቡ ወደ እሳቱ በአንድ ክንድ ይጠባል። እዚህ ላይ ማስፈራራትም መዋሸትም አያስፈልግም። ጅብ አለ፤ እሳትና ሰው የተሰበሰበበት ቦታ ግን ብዙ አይደፍርም፤ ዘበኛም አለ። የሚስበው ምግብና ቆዳ ስለሆነ ድስት ተከድኖ ይግባ፣ ጫማም ውጭ አይደር። ጠዋት ዱካው ይፈለጋል። አራት ጣት ያለው፣ የጥፍር ምልክት የሚታይበትና የፊቱ ከኋላው ሰፋ ያለ ከሆነ ጅብ ነው፤ ነጭ ፋንድያም ምስክር ነው፤ አጥንት ስለሚበላ እንደ ኖራ ይነጣል።

እሑድ ንጋት ላይ የሚቀሰቅሰው ደወል ሳይሆን ጉሬዛ ነው። ወንዱ ጎሕ ሲቀድ የሚያሰማው ድምፅ ወፍራም ሞተር እንደማስነሣት ያለ ነው፤ ግማሾቹ ልጆች አውቶብሱ መጣ ብለው ሻንጣ ይይዛሉ። ጥቂት ቆይቶ ድኩላ እንደ ውሻ ይጮኻል፤ የቀሩት ደግሞ የማን ውሻ ነው ይላሉ። ከቁርስ በኋላ እሳቱ ይጠፋል። ውሃ ይፈስበታል፣ በዱላ ይማሰላል፣ እንደገና ይፈስበታል፤ የእጅ ጀርባ ተጠግቶ ሙቀት እስካልተሰማው ድረስ አይታመንም። ቆሻሻው ይለቀማል፤ ያልተበላው ብስኩት ለእረኛው ይቀራል፤ እርሱም በለወጡ ወንጭፉን ለአንዱ ይሰጣል። ወላጆች ከሁለት ሌሊቱ ትምህርት መካከል ሰኞ በቤት ውስጥ የሚያዩት ይህን ወንጭፍ ብቻ ነው፤ የመስኮት መስታወት ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል።

የሚቀረው ድንኳኑ ነው። ጠል የነካው ድንኳን እርጥቡን ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በጥቂት ቀን ይሻግታል፤ ጨርቁ ይጠቁራል፣ ሽታውም አይለቅም። ስለዚህ እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጠዋት በግቢ ውስጥ ተተክሎ በደንብ መድረቅ ይኖርበታል። ከዚያ በፊት ግን ለዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ሰው መላክ አይዘንጋ።